ድምፅዋን የቀየረችው ፊያት

ቀፀላ ማንደፍሮን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ሌላው ሰው ወዳጁን በአረማመዱ ወይም በሽቶው ያውቅ ይሆናል፤ እሷ ግን ገና ከቤይሩት በላይ ባለችው በባዕብዳ የታችኛው ኩርባ ላይ የእሱ መኪና ማርሽ ሲቀየርላት ከምታሰማው ሳል ነበር የምታውቀው። አሮጌዋ ፊያት ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ፣ ተበስቷል። ዳገቱን ስትይዝ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ትንተፋተፋለች፤ ኩርባው ላይ ትንፋሿ ይቋረጣል፤ ከዚያ አንዴ ጓ አድርጋ ትነሳለች። ያን ጊዜ ቀፀላ የታጠበ ልብስ የሞላውን ቅርጫት ብድግ አድርጋ ወደ በረንዳው ትወጣለች።

ይህ የሚሆነው እሑድ እሑድ፣ አሠሪዋ ማዳም ሚሬይ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ነው። ከወጥ ቤቱ መንገዱ ይሰማል እንጂ አይታይም። በረንዳው ያለው በሳሎኑ በኩል ስለሆነ ያለ ምክንያት አይወጣበትም፤ ለቀፀላ የተፈቀደላት ምክንያት ደግሞ ልብስ ማስጣት ብቻ ነው። ማንደፍሮ በበረንዳው ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል፣ በመስኮቱ ቀና ይላል፤ እሷም እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጇ እንደያዘች ታየዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህ ፍቅር ይባላል ወይ ብትሉኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የልቡን የሚያወራለት ሰው ያጣ ከዚህም ባነሰ ነገር ይኖራል እላችኋለሁ።

መጀመሪያ የተገናኙትም ፊት ለፊት ሳይተያዩ ነው። ባለፈው ዓመት በጋ የማዳም ሚሬይ መኪና ማርሚታ ግቢው በር ላይ ተዘርግፎ ወደቀና፣ ከታች ምካሌስ በሚባለው ሰፈር ካለው ከማዕልም ኤሊ የማርሚታ ቤት አንድ ሠራተኛ ተላከ። ማዕልም ማለት በዚያ አገር የእጅ ሥራ አለቃ ነው። ቀፀላ ለሠራተኛው ውኃ ይዛ ስትወጣ ከመኪናው ሥር የወጡ ሁለት ጫማዎች ብቻ አገኘች። ከሥር ደግሞ አንድ ድምፅ የዛገውን ብሎን በአማርኛ ይለምነዋል፤ እባክህ ወንድሜ፣ ዛሬን እንኳ እሺ በለኝ ይለዋል። ብርጭቆው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?» አለችው፣ ለጫማዎቹ።

ከሥር ያለው ሰው አልወጣም። ማዳም ሚሬይ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከወጣ ሥራው አለቀ ማለት ነው፣ ሥራው ካለቀ ደግሞ መሄድ አለበት። ስለዚህ የጠበቀውን ብሎን እየፈታ፣ የፈታውን መልሶ እያጠበቀ፣ እዚያው ተኝቶ አናገራት። እሷ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። እሱ በምጽዋ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር፤ መንግሥት ሲገለበጥ ከመርከብ መርከብ ሲቀባበሉት ቆይተው የመጨረሻዋ መርከብ ቤይሩት ወደብ ላይ ተሽጣ እሱን ሜዳ ላይ ጣለችው። በመጨረሻ ሲወጣ ፊቱ በጥላሸትና በዘይት ተሸፍኖ ነበርና ቀፀላ በደንብ ያየችው ጥርሱን ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ የፊያቷ ሳል ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የነበረው ቃል ሁሉ በፋጡ በኩል ያለፈ ነው። ፋጡ የወሎ ልጅ ናት፣ ከጎን ባለው ቪላ ትሠራለች፣ ወደ ዱካን፣ ወደ ሱቅ፣ የመላክ ነፃነት አላት። ባለ ሱቁ ስልኩን ስለማይከለክላት ወደ ጋራዡ ትደውላለች፣ የተባለችውን ታደርሳለች፣ ከራሷም ትንሽ ትጨምራለች። ሰውዬው ስሙ ማንደፍሮ ነው እንጂ ለመድፈሩስ ጊዜ ይፈጅበታል እያለች ቀፀላን ታስቃታለች። ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎሻል፣ ሰላም ብላሃለች ሲባባሉ ኖሩ።

ጊዜ ያልጠበቃቸው በአቢጃን ከተማ የተነሳ ነው። የማዳም ሚሬይ ባል እዚያ እንጨት ይነግዳል፤ በዓመት አንዴ መጥቶ ይሄዳል። ዘንድሮ ማዳም መጠበቅ ሰለቻትና ቤቱን ዘግታ፣ መኪናዋን ሸጣ ልትከተለው ወሰነች። ለቀፀላም አንድ ቀን ጠዋት ሳህን ስታደርቅ ነገረቻት፤ ሴላ፣ አንቺም ከእኛ ጋር ነሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እንበራለን አለቻት። ቀፀላ የሚለው ስም ስለማይመቻት ሴላ ነው የምትላት። ትሄጃለሽ ወይ የሚል ጥያቄ ግን አልነበረም። ቀፀላ ሳህኑን አድርቃ አስቀመጠች።

ፋጡ ወሬውን ባደረሰች በማግስቱ መልሱን ይዛ መጣች። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ ምንጣፍ እያራገፈች፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ሽማግሌ ልልክ ነው ብሏል፣ ማዳምሽ ዘንድ። አቶ ገብረ መድኅንንና ማዕልሙን። ብቻ ቀፀላ ሳትፈልግ ሽማግሌ አላዋርድም ነው የሚለው፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ያንቺን ልብ መጀመሪያ ልወቅ ነው። እሑድ ሲያልፍ በረንዳ ከወጣሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ በማግስቱ ይመጣሉ። ካልወጣሽ ግን ገብቶኛል፣ መንገዷን አልዘጋባትም ብሏል።»

«ቤቱ ቢፈርስ እንኳ እወጣለሁ በይው» አለች ቀፀላ።

ፋጡ ሳቀች። እሷ ያን እሑድ አትኖርም፤ ሰዎቿ ለአንድ ሳምንት ተራራ ላይ ወዳለው ቤታቸው ይዘዋት ይወጣሉ። ስመለስ ሙሽራ ሆነሽ ልጠብቅሽ ብላ ምንጣፏን ጠቅልላ ገባች።

አሁን ወደ ምካሌስ እንውረድ። አቶ ገብረ መድኅን የድሮ መርከበኛ፣ የዛሬ የመጋዘን ዘበኛ ናቸው። ሽምግልናውን በደስታ ተቀበሉ፤ ፊያቷን ግን አልተቀበሏትም። በዚች ጩኸታም ተሳፍረን፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በመስኮት አስወጥተን ነው ልጅ የምንለምነው ወይ አሉ። ሽማግሌ በር ላይ ሲደርስ ይሰማል እንጂ ከማዶ አይሰማም አሉ። ማንደፍሮ አፈረ። ለሰው መኪና ሁሉ ማርሚታ እየሠራ የራሱን ተበስቶ መተው ልክ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው የታየው።

ጋራዡ ጥግ አንድ ጥንድ አዲስ ማርሚታ ከነአብረቅራቂ ጫፉ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጎረምሳ ለትንሽ መኪናው አዝዞ ካናዳ ሲሄድ የተወው ነው። ማዕልም ኤሊ ይሄንን ለሙሽራዋ ውሰድላት አለው። ማንደፍሮ በየምሳ ሰዓቱ ከፊያቷ ሥር ገባ። የድሮውን ማርሚታ በብረት መጋዝ ቆርጦ ጣለው። ከሞተሩ የሚመጣውን አንዱን ቱቦ እንደ ባላ ለሁለት የሚከፍል መገጣጠሚያ በየደለት። ትንሽ መኪና ሁለት ማርሚታ የሚይዝ ሆድ የላትም፤ በአንድ በኩል የነዳጅ ጋኑ፣ በሌላው በኩል ባሌስትራው፣ መሸከሚያ ብረቱ፣ አላስገባ አሉት። ቱቦውን በእሳት እያጋለ አጠፈ፣ ሞክሮ ነቀለ፣ እንደገና አጠፈ። ስትናጥ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ በጎማ ማንጠልጠያ ሰቀለው። የግራውና የቀኙ መንገድ ካልተስተካከለ ድምፁ እንደማይስማማ ያውቃልና፣ ሞተሩን እያስነሳ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ተንበርክኮ አዳመጠ። እስኪጥመው ድረስ አልተወውም።

ሲጨርስ ማዕልም ኤሊ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ ቆመ። ፊያቷ ሳሏን ትታለች። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ተረጋግቶ የሚወጣ ድምፅ አላት፤ ከኋላዋ ሁለቱ ጫፎች ግራና ቀኝ ያብረቀርቃሉ። አንተ ማንዶ፣ ይሄ የሚኒስትር መኪና ነው አለ ማዕልሙ፤ ማንደፍሮን በአጭሩ ማንዶ ነው የሚለው። ማንደፍሮ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

ሞኝነቱን አያችሁት? ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ ሲያርም የሰነበተ ሰው፣ ዳገቱ ላይ ያለችው ሴት ምን እንደምትሰማ አንዴ እንኳ ትዝ አላለውም። እሱ እሷን የሚያውቃት በዓይኑ ነው፤ በረንዳ ላይ ቆማ ያያታል። እሷም በዓይኗ የምትጠብቀው መሰለው። ከወጥ ቤቱ መንገዱ እንደማይታይ የነገረው የለም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ይሄስ አዋቂም ሆኖ ከመለቅለቅ አልዳነም።

እሑድ ደረሰ። ማዳም ሚሬይ መሰናበቻ ብላ ዘመድ ጠርታ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ቀፀላ አንሶላዎቹን ጠዋት አጥባ በቅርጫት አስቀምጣቸዋለች። ማዳም ለምን አታሰጪም ስትላት፣ በደንብ አልጠራልኝም ብላ መልሳ ነከረቻቸው። አንዴ ብቻ ነው መውጣት የምትችለው፤ በእንግዶቹ መካከል ቅርጫት ይዛ ደጋግማ ብትመላለስ ማዳም ነገሩን ትጠረጥራለች። ስለዚህ ቅርጫቱን በሩ ሥር አስጠግታ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍታ፣ ጆሮዋን ወደ ታችኛው ኩርባ ሰደደች። እጆቿ ለሰላጣ የፓሰሊ ቅጠል ይከትፋሉ፤ ልቧ ግን እዚያ የለም።

የጋዝ መኪና አለፈ፣ ታክሲ አለፈ። ከዚያ አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት መኪና ዳገቱን ቀስ ብላ ወጣች። የሀብታም ልጅ መኪና መሰለቻት። ቤቱ ፊት ለፊት ስትደርስ ጭራሽ ዝግ አለች። ቀፀላ ተናደደች፣ ምክንያቱም ድምፁ የኩርባውን ድምፅ ይሸፍንባታል። ሂድልኝ አለችው ሾፌሩን በሆዷ። ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ይሄ ደግሞ ምን ያዞረዋል ብላ ቢላዋውን አስቀመጠች። እንደገና ሲመጣማ ፊት ለፊት ቆመ፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆየ፣ ቆየ። ከእንግዶቹ የአንዱ ሾፌር ይሆናል አለች። በመጨረሻ ድምፁ ቁልቁል ወርዶ ሲጠፋ እፎይ አለች፤ አሁን የእሱን መኪና በደንብ እሰማለሁ ብላ።

በመሪው ኋላ የነበረው ሰው ያየው ሌላ ነው። የበረንዳው በር ተከፍቷል። ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ወጥተው ይገባሉ፣ አንዲት አሮጊት ወደ እሱ አይታ ፊቷን አዞረች። የልብስ ማስጫው ገመድ ባዶውን ነው። አልፎ ተመለሰ፣ ምናልባት ሥራ ይዟት ይሆናል ብሎ። ቆሞ ጠበቀ። ጥሩምባ መንፋት ይችል ነበር፤ ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው በጥሩምባ አይለምንም ብሎ እጁን ሰበሰበ። የተባለው ግልጽ ነው፤ ካልወጣሽ ገብቶኛል ብሏል፣ አልወጣችም። እስከ ምካሌስ ድረስ ያንን የለፋበትን ለስላሳ ድምፅ እየሰማ ወረደ፤ የሚያወራው ሰው ከጎኑ አልነበረም።

ቀፀላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች። እንግዶቹ ሄዱ፣ ሳህኑ ታጠበ፣ አንሶላው በቅርጫቱ ውስጥ እንደረጠበ ቀረ። አልመጣም። መጀመሪያ መኪናው ተበላሽቶበት ነው አለች። ሰኞ ዋለ፣ ማክሰኞ ዋለ፣ ሽማግሌም ወሬም የለም። ፋጡ ተራራ ላይ ናት፣ የማዳም ስልክ በቁልፍ ተቆልፏል። ያን ጊዜ ልቧ ሌላ ሌላ ነገር ይነግራት ጀመር። ከመርከብ መርከብ የኖረ ሰው የማታውቀውን ልጅ አግብቶ ቤት ሊይዝ? ሽማግሌ እልካለሁ ማለት ቀላል ነው፤ ሰው በወሬው አይታመንም። ማታ የማዳምን ቀሚሶች እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል፤ በቀሚሱ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ትጠነቀቃለች። ከደብረ ታቦር ስትወጣ እንኳ እንዲህ ብቻዋን የሆነች አልመሰላትም ነበር። ያኔ የምትጠብቀው አልነበራትማ።

ማንደፍሮም ለአቶ ገብረ መድኅን ተዉት፣ አልፈለገችኝም አላቸው። እሳቸው ብዙ አልጠየቁትም። በሦስተኛው ቀን ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ሊማሶል የምትሄድ መርከብ የሞተር ክፍል ሰው እንደምትፈልግ ሰምተው ነገሩት፤ ሐሙስ ጠዋት ትነሳለች። እሺ አለ። የፊያቷን ቁልፍ ለማዕልም ኤሊ ሰጠው፤ ባሕር ላይ መኪና ምን ያደርግለታል?

ረቡዕ ጠዋት ማዳም ሚሬይ መኪናዋን ከመሸጧ በፊት አንድ የሚንኳኳ ነገር ይታይልኝ ብላ ወደ ጋራዡ ደወለች። ሥራው የማንደፍሮ ነበር። እሱ ግን እባክህ ያን ቤት አታሳየኝ ብሎ ስለለመነው ማዕልም ኤሊ ራሱ መጣ።

ቀፀላ ደጁን ስታጥብ ያን ወፍራም ድምፅ ከታችኛው ኩርባ ሰማችው። የእሑዱ ነው። ያ የሚዞረው መኪና ነው አለች በሆዷ፣ የማንንም መኪና ለመስማት ደስታ አልነበራትም። ድምፁ ቀረበና ግቢው በር ላይ ቆመ። መጥረጊያዋን አስቀምጣ ከፈተች።

የቆመችው ፊያቷ ናት። ቀለሟ ያው፣ በግራ በኩል የተጋጨው መከላከያዋ ያው፣ በመስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል ያው። ቀፀላ በሩን እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ ያያትን መኪና ጆሮዋ አያውቃትም። ወደ ኋላ ዞራ ሁለቱን አብረቅራቂ ጫፎች አየች። ከሁለቱም ቀጭን ጭስ እየወጣ ያ የረገመችው ድምፅ ቀስ ብሎ ይንተከተካል። የእሑዱ ከሰዓት አንድ በአንድ መጣባት፤ ሲያልፍ ሂድልኝ ያለችው፣ ሲመለስ የተናደደችው፣ ቆሞ ሲጠብቃት ፓሰሊ የከተፈችው፣ ሲሄድም እፎይ ያለችው። የመኪናዋን የኋላ ኮፈን ተደገፈች።

ማዕልም ኤሊ ደንግጦ ወረደ። በምታውቀው አረብኛ ጠየቀችው፤ ይሄ እሽክማን መቼ ተቀየረ አለችው። ማርሚታን እዚያ እሽክማን ነው የሚሉት።

«ባለፈው ሳምንት» አለ ኤሊ። «ማንዶ ነው የሠራው፣ ሽማግሌ ለማምጣት። ለአንቺ ነበር። አልፈለግሽውም፣ ሃራም፣ ያሳዝናል፤ ነገ በመርከብ ይሄዳል።» ይህን ብሎ ፊቷን አየ። ሳትፈልገው ቀርታ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው።

ማዳም ሚሬይ ደረጃው ላይ ብቅ ብላ ምን ተፈጠረ አለች። ቀፀላ በዚህ ቤት ከኖረች ጀምሮ አዎንና እሺን እንጂ ሌላ ቃል በደረጃው ላይ ወዳለችው ሴት ልካ አታውቅም። አሁን ግን እጇን በሽርጧ አደረቀችና ወደ ደረጃው ቀረበች።

«ማዳም፣ አንድ ሰው ሊያገባኝ ፈልጎ ነበር። እሑድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ጠብቆኛል፣ እኔ አላወቅኩትም። ነገ ሊሄድ ነው። ከማዕልሙ ጋር ልሂድና ላናግረው።»

ማዳም ሚሬይ ኤሊን አየችው፣ ከዚያ ቀፀላን አየቻት፣ ከዚህ በፊት አይታት የማታውቅ ይመስል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም አለቻት።

«አልጠየቁኝም፣ ማዳም።»

ማዳም ራሷ ባሏን ለዓመታት በስልክ ድምፅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ የመጠበቅን ነገር ቢያንስ ታውቀዋለች። ኤሊ እኔ ኃላፊ ነኝ፣ ራሴ እመልሳታለሁ አለ። እሺ ሳይመሽ አምጣት ብላ ማዳም ወደ ውስጥ ገባች። ቀፀላ ነጭ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ቁልቁል ሲወርዱ ኤሊ ብዙ አወራ፣ እሷ ግን አልሰማችውም። ዓመት ሙሉ ከሩቅ የሰማቻት መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፤ የማንደፍሮ ወንበር፣ የማንደፍሮ መሪ፣ ወንበሩ ውስጥ የሰረጸ የቆየ የሲጋራ ሽታ። ሲጋራ ያጨሳል ማለት ነው፤ አታውቅም ነበር። አብራው ጎጆ ልትቀልስ ስላሰበችው ሰው የምታውቀው ምን እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። መልሱ ያ የተጣለው ሳል ብቻ ሆነባት። ፍርሃት ያዛት፤ ከመቅረቱ ይልቅ ማግኘቱ አስፈራት።

ምካሌስ ሲደርሱ ኤሊ ያላ፣ እንሂድ፣ ምሳ ብሎ ሠራተኞቹን ይዞ ወጣ። ማንደፍሮ ከጋራዡ በስተኋላ የራሱን መፍቻዎች እያጸዳ በጨርቅ ይጠቀልላል። የፊያቷን ድምፅ ሲሰማ ቀና አላለም፣ ማዕልሙ ነው ብሎ። ቀና ያለው ጥላዋ ሲያርፍበት ነው። ተነስቶ ቆመ፤ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

ቀፀላ አየችው። ከበረንዳ ሲታይ ረጅም ይመስላት ነበር፤ ከእሷ ብዙም አይበልጥም። ጠጉሩ ከጆሮው ጥግ ሸብቷል። ጉንጩ ላይ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። እሱም ቅርብ ሆኖ በደንብ ያያት ያን ጊዜ ነው፤ በረንዳው ላይ ከሚያያት ይልቅ እዚህ ትንሽ ሆነችበት፣ እጆቿ በበረኪና ተላልጠዋል።

«አልወጣሽም» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። ቂም አልነበረበትም፤ የሆነውን ብቻ ነው የሚናገረው።

«ሰምቼህ ነበር። ስታልፍም፣ ስትመለስም፣ ስትቆምም ሰምቼሃለሁ። አንተ መሆንህን ግን አላወቅኩም።» ወደ ፊያቷ ጠቆመች። «መንገዱ ከወጥ ቤት አይታይም፣ ማንደፍሮ። ዓመት ሙሉ በረንዳ የወጣሁት መኪናህ ስትስል እየሰማሁ ነው። የዚያን ዕለትም ሳሏን ስጠብቅ ዋልኩ። አንተ ደጄ ቆመህ እኔ አንተን እጠብቃለሁ።»

ማንደፍሮ ወደ ፊያቷ ዞረ፤ ከሁለቱ አብረቅራቂ ጫፎች ላይ ዓይኑን ማንሳት አቃተው። ብዙ ሰው ሲያለቅስ ፊቱን ይሸፍናል፤ እሱ እጆቹ በዘይት ስለተነከሩ መሸፈንም አልቻለም።

«እንድታምርልሽ ብዬ ነው» አለ። «ሽማግሌዎቹ እንዳያፍሩ፣ አንቺም እንዳታፍሪ። ሳምንቱን ሁሉ ስሠራት የማስበው አንቺ ስትሰሚያት ነበር። ትወጃታለሽ ብዬ።»

«ረገምኳት» አለች ቀፀላ። ሁለቱም ሊስቁ ነበር፣ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረና እሷም አለቀሰች። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ የሚሆን ቦታ አለ፤ ማንም አልተሻገረውም። እንዲህ ቀርበው ቆመው አያውቁም፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም።

«አሁንም ትሄጂ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ከማዳምሽ ጋር ወረቀት አለሽ፣ ቤት አለሽ። እኔ ዘንድ ምን እንዳለ ይኸው ታይዋለሽ። አይተሽ ብትሄጂም አልፈርድብሽም።»

ቀፀላ አየችው፤ ጠባሳውን፣ ሽበቱን፣ ዘይት የነከረውን እጅ። ይህን ሰው ከዚህ በፊት አታውቀውም። በበረንዳዋ ሥር ሲያልፍ የነበረውን ሰው በሐሳቧ ራሷ ነበረች የሠራችው፤ ረጅም አድርጋ፣ የማያጨስ አድርጋ፣ የምትፈልገውን ሁሉ የሚናገር አድርጋ። ያ ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ያለው ይሄ ነው፤ መርከብ ሊሳፈር መፍቻውን የሚጠቀልል፣ ላፈቀራት ሴት የቻለውን ሠርቶ ያጠፋባት፣ የሚያወራው የሌለው ሰው። ለራሷም ለእሱም ከልቧ አዘነች፤ ከዚያም በማዘኗ ውስጥ እንደማትሄድ አወቀች።

የተገለበጠ የጎማ ብረት ጎትታ ተቀመጠችበት። ሽርጧን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ሽማግሌዎቹን ዛሬውኑ ላካቸው» አለችው። «ግን ማዕልሙ እስኪመለስ ጊዜ አለን። ተቀመጥና አውራኝ፤ እኔ እኮ ድምፅህን አንዴ ከመኪና ሥር እንጂ ሰምቼው አላውቅም።»

ማንደፍሮ ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብዙ ነገር ነበረው፤ ስለ ምጽዋ፣ ስለ ባሕሩ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው በሌለበት ስላሳለፋቸው ዓመታት። አፉን ሲከፍት ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው፤ ሰው አፉን ሳይከፍት ብዙ ሲቆይ እንደዚህ ነው። 

ቀፀላ አላጣደፈችውም። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል ጠበቀችው።